ከኤስፖ ዋሻ ያመጣሁት ውሃ

ከስዊድን ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ግማሽ ሊትር የምትይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ አለች። ውስጧ ያለው ውሃ ከባሕር በታች፣ ከግራናይት ስንጥቅ የተቀዳ ነው። ሲቀዳ ጥርት ያለ ነበር። አሁን ታቹ ላይ ስስ የዝገት ዝቃጭ ተኝቷል። ጉዞውን ሁሉ የማስታውሰው በዚህች ጠርሙስ ነው፤ ግን ወደ እሷ ለመድረስ ከመጀመሪያው ቀን ልነሳ።

ሥራዬ የጉድጓድ ውሃ ኬሚስትሪ ነው። አዲስ ጉድጓድ ተቆፍሮ የፓምፕ ሙከራ ሲደረግ ናሙና ይመጣልኛል። ፍሎራይዱን፣ ክሎራይዱን፣ ብረቱን ለክቼ ወረቀቱ ላይ እፈርማለሁ። አብዛኛው ናሙና ከስምጥ ሸለቆ ስለሚመጣ ትልቁ ጭንቀታችን ፍሎራይድ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠውን በሊትር 1.5 ሚሊግራም አለፈ ወይስ አላለፈም? የግራናይት ውሃን የማውቀው በንባብ ብቻ ነበር። ስዊድኖች ኤስፖ በምትባል ደሴት ሥር፣ ግራናይት ውስጥ ዋሻ ቆፍረው፣ ቁፋሮው ራሱ ውሃውን ምን እንዳደረገው ለዓመታት ተከታትለዋል። ይህን ካነበብኩ ጀምሮ በዓይኔ ለማየት ጓጓሁ። ኢሜይል ጻፍኩ። ጎብኚ ይቀበሉ ነበርና ለሐሙስ መስከረም 12 ቀን 2009 ዓ.ም. ቀጠሩኝ።

ሰኞ፣ መስከረም 9፦ ስቶክሆልም

እኔ ደረስኩ፣ ሻንጣዬ አልደረሰም። ቦት ጫማዬም፣ ሹራቤም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የውሃ ጨዋማነት የምለካበት ኢሲ ሜትር እዚያ ውስጥ ነበሩ። ቅጽ ሞልቼ፣ "ነገ ቤት ድረስ ይመጣል" ተብዬ ወጣሁ።

ያረፍኩት ሪንከቢ ከአክስቴ ልጅ ዘንድ ነው። ሽሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። እንጀራው ትንሽ ወፈር ይላል፤ ዱቄቱን ከሌላ ዱቄት ጋር እየቀላቀሉ ነው የሚጋግሩት። ከሰዓት በኋላ "ደክሞሻል፣ ተኚ" ብትለኝም አልሆነልኝም። ሰማያዊውን የሜትሮ መስመር ይዤ እስከ መጨረሻው ጣቢያ፣ እስከ ኩንግስትሬድጎርደን ሄድኩ። ቲኬቱ ያኔ 40 ክሮና ገደማ ነበር። በዚያን ጊዜው ምንዛሬ ከመቶ ብር ያልፋል፤ ለአንድ የባቡር ጉዞ ሲሆን ደንገጥ ያደርጋል።

ጣቢያው 34 ሜትር ከመሬት በታች ነው፤ በ1977 ነው የተከፈተው። ግድግዳው አለቱ ራሱ ነው። ቀለምና ሐውልት ጨምረውበታል፣ ግን አልሸፈኑትም። መንገደኛው ሁሉ ስልኩን እያየ ያልፋል። እኔ ግድግዳው ሥር ቆምኩ። ውሃ ይንጠባጠባል። መብራት ባለበት ቦታ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት በቅሏል። ስንጥቆቹን ተከትሎ ነጭ ቅርፊት ወርዷል፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ዝገት የመሰለ መስመር አለ።

ነጩ ካልሳይት የሚባል የካልሲየም ማዕድን ነው። የዝናብ ውሃ በአፈር ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሸከማል። በዚያ ጉልበት ከስንጥቁ ውስጥ ካልሲየም እያሟሟ ይወርዳል። ውሃው የዋሻው አየር ላይ ብቅ ሲል ጋዙ ያመልጣል፤ አምቦ ውሃ ሲከፈት እንደሚሆነው ማለት ነው። ጋዙ ከሄደ ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ ማለትም አሲድነቱ ይቀንሳል፣ ካልሳይቱም ድንጋዩ ላይ ይቀራል። አለቱ ላይ የሚረጨው ሲሚንቶም የራሱን ካልሲየም ይጨምርበታል። ዋሻው ባይኖር ኖሮ ያ ውሃ እዚያ ቦታ ላይ ቅርፊት አይሠራም ነበር። መለኪያዬ ባለመኖሩ ተናደድኩ። ስመለስ እለካዋለሁ ብዬ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 10፦ ወደ ኦስካርስሃምን

ሻንጣው መጣ፤ ግን ባቡሬ ከሄደ በኋላ። ቲኬቱ የማይቀየር ስለነበር ሌላ ገዛሁ፤ 640 ክሮና። እስከ ሊንሾፒንግ ፈጣኑ ባቡር፣ ከዚያ በጫካ መሃል የሚሄድ ትንሽ የናፍጣ ባቡር፣ ከዚያ በርያ በምትባል ጣቢያ ወርዶ አውቶቡስ ነው። ትንሹ ባቡር መንገድ ላይ ቆመ። ለምን እንደቆመ የተነገረው በስዊድንኛ ነው። በርያ ስደርስ አውቶቡሱ ሄዷል፣ መሽቷል፣ ጣቢያው ላይ ከእኔ በቀር ማንም የለም።

ፊገሆልም ወደሚገኘው ማረፊያ ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት አንድ አዛውንት ናቸው። "እዚያው ቆዪ" የሚል ትርጉም ያለው ነገር በእንግሊዝኛ ብለው ዘጉት። ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ አሮጌ ቮልቮ መጣ። ለቤንዚን ልክፈል ብል እጃቸውን አወዛወዙ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። በስማቸው ጥሪኝ ብለው አጥብቀው ነገሩኝ፤ እዚያ አገር አንቱታ የለም፣ ትልቅም ትንሽም በስም ነው። አፌ ግን እምቢ አለኝ። እዚህም ላይ እሳቸው እያልኩ ነው የምቀጥለው።

መንገዱ ጥድና ጥድ ነው። ትልቅ የአጋዘን ምልክት ያለበት ቢጫ ታፔላ በየቦታው አለ። መንገዱ ኮረብታ የቆረጠበት ቦታ ሁሉ ቀላ ያለ ግራናይት በመኪናው መብራት ይታያል። 1.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው አለት ነው። ሰውየው ቀስ ብለው ስለሚነዱ ስንጥቆቹን መቁጠር ይቻል ነበር።

ረቡዕ፣ መስከረም 11፦ ፊገሆልም

ማረፊያው ቁርስን ጨምሮ ለአንድ ሌሊት 650 ክሮና ነበር። ቀይ ቀለም የተቀባ የእንጨት ቤት፣ ነጭ የመስኮት ጠርዝ። ከመስኮቱ የባልቲክ ባሕር ይታያል።

ቀኑ ረቡዕ ነው፤ ጾም። ለምሳ የቤቱ እመቤት የአካባቢውን ምግብ ሠሩልኝ፤ ክሮፕካኮር ይሉታል። ከድንች የሚድቦለቦል ነው። ድንች ነው ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ቆረስኩ፤ መሃሉ ላይ የአሳማ ሥጋ ተሞልቷል። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ሴትየዋ ፊቴን አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ጾሙን አስረዳኋቸው፦ ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ወተት የለም፣ አሳማ ደግሞ ከጾምም ውጭ አንበላም። ምንም ሳይከፋቸው ተነሥተው ምንም ያልተሞላባቸው ሦስት ድቡልቡሎች ቀቀሉልኝ። ከጫካ በሚለቅሙት ቀይ ኮምጣጣ ፍሬ ማርማላታ በላሁት። ጥሩ ነው፣ ያጠግባል።

ከምግቡ በላይ የያዘኝ ግን ውሃው ነው። ብርጭቆውን አንስቼ ጠጣሁ። ትንሽ ጨው ጨው ይላል። ሰውየው ፈገግ አሉ። ግቢያቸው ውስጥ ያለው ጉድጓድ 80 ሜትር ግራናይት ውስጥ ተቆፍሮ የወጣ ነው። "በጋ ላይ እንግዳ ሲበዛ፣ ሁሉም ገላውን ሲታጠብ ይጨምራል" አሉኝ። "ክረምቱን ስናርፍ ይቀንሳል።" ኢሲ ሜትሬን አምጥቼ ከቧንቧው ለካሁ። አምስት ደቂቃ አስፈስሰን እንደገና ለካን። ወደ ላይ ወጣ። እሳቸው ቁጥሩን ጠርዝ ባለው የወረቀት ቁራጭ ላይ ጽፈው የማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፉት።

ይህች ወጥ ቤት ውስጥ ያየሁት ነገር በማግስቱ ዋሻው ውስጥ ያየሁት ነው፤ መጠኑ ብቻ ይለያል። ከላይ ያለው የዝናብ ውሃ ቀላል ነው፣ ከታች ያለው ጨዋማ ውሃ ከባድ ነው። ብዙም ሳይቀላቀሉ አንዱ ባንዱ ላይ ተኝተው ይኖራሉ። ከላይ አብዝተህ ስትቀዳ ክብደቱ ይቀንሳልና የታችኛው ሽቅብ ይነሳል። ሰውየው ኬሚስትሪ አልተማሩም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ውሃ ግን ቀምሰውታል።

ሐሙስ፣ መስከረም 12፦ ከመሬት በታች

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በእኛ አቆጣጠር ሲምፐቫርፕ ደረስን። አጠገቡ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ስላለ ፓስፖርት ይታያል። ራስ መከላከያ ቆብ፣ ቦት፣ አንጸባራቂ ጃኬትና መብራት ሰጡን። ስምንት ጎብኚዎች ነን፤ ስድስቱ ተማሪዎች ናቸው። አስጎብኛችን ጂኦሎጂስት ናት፣ ረጋ ብላ የምትናገር።

ቤተ ሙከራው ኤስፖ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከደሴቲቱ ነው። ባለቤቱ ያገለገለ የኑክሌር ነዳጅን የማስወገድ ኃላፊነት ያለበት የስዊድን ኩባንያ ኤስኬቢ ነው። እዚህ ቦታ ነዳጅ አይቀበርም። ነዳጁ ሌላ ቦታ ሲቀበር ምን ሊሆን እንደሚችል የሚሞከርበት ነበር። ዋሻው የተቆፈረው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1990 እስከ 1995 ነው። ርዝመቱ 3.6 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ 460 ሜትር። ከባሕር ዳርቻው ተነሥቶ ከባሕሩ በታች ያልፋል፣ ደሴቲቱ ሥር ሲደርስ እንደ ቀንድ አውጣ እየተጠማዘዘ ይወርዳል።

በመኪና ገባን። ብርዱ ቶሎ ጠፋ። እታች ዓመቱን ሙሉ 14 ዲግሪ አካባቢ ነው። የናፍጣና የእርጥብ ድንጋይ ሽታ አለ። በሁለቱም ጎን የውሃ ቦይ ይፈሳል፣ ድምፁ አይቋረጥም። አስጎብኛችን ስለ ውሃው ስትናገር መጀመሪያ ያነሳችው ግፊትን ነው። 450 ሜትር ላይ በስንጥቁ ውስጥ ያለው ውሃ ከ40 ባር በላይ ግፊት ነበረበት። ዋሻው ሲከፈት ግን የዋሻው አየር አንድ ባር ብቻ ነው። ስለዚህ ዙሪያውን ያለው ውሃ ሁሉ ወደ ዋሻው ይጎርፋል። ከላይ ዝናቡ፣ ከጎን ባሕሩ፣ ከሥር ደግሞ ጥንታዊው ጨዋማ ውሃ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየደቂቃው ከሺህ ሊትር በላይ ውሃ እየተቀዳ ይወጣ ነበር።

የመጀመሪያው ማቆሚያችን ከመግቢያው 513 ሜትር ላይ ነው። እዚህ ነው ለማየት የመጣሁት። ዋሻው 70 ሜትር ጥልቀት ላይ አንድ ቀጥ ብሎ የቆመ የስንጥቅ ቀጠና ይቆርጣል። ይህ የሆነው በ1991 ነው። ተመራማሪዎቹ አስቀድመው ተዘጋጅተው ነበር የጠበቁት። የፈሩት ነገር ኦክስጅን ነው። የዝናብ ውሃ ኦክስጅን ይዞ በስንጥቁ ከወረደ፣ በአለቱ ውስጥ ያሉትን ኦክስጅን የሚበሉ ማዕድናት አንድ በአንድ ይጨርሳል ብለው ሠጉ። ማዕድናቱ ካለቁ ደግሞ ወደ ታች የሚያግደው ነገር የለም።

ስንጥቁ ተከፈተ። በሳምንታት ውስጥ ከላይ ያለው ንጹሕ ውሃ ደረሰ። ክሎራይዱ ወረደ፣ ጨዋማው ውሃ ተገፋ። የፈሩት ፍሰት መጥቷል። ኦክስጅኑ ግን አልመጣም። በምትኩ ቢካርቦኔቱ ጨመረ። ስቲቨን ባንዋርትና ባልደረቦቹ ይህን በ1990ዎቹ አጋማሽ አብራርተው አሳተሙት፦ ውሃው ሲወርድ ከአፈሩ የኦርጋኒክ ካርቦን ይዞ ይወርዳል፤ ረቂቅ ሕዋሳት ያንን ካርቦን እየበሉ ኦክስጅኑን ይተነፍሱታል፤ ከዚያ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው ውሃው ውስጥ ቢካርቦኔት የሚሆነው። ዋሻው ጋ ሲደርስ አልቋል። ውሃውን ፈጥኖ ያወረደው ቁፋሮ ለሕዋሳቱም ምግብ አውርዶላቸዋል ማለት ነው።

ግድግዳው ላይ የብረት መክፈቻ ያላቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች ብቅ ብለው ይታያሉ። እጄን አስደግፌ ቆምኩ። አለቱ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ስለዚህ ቦታ ስንት ጊዜ አንብቤያለሁ! ተማሪዎቹ ወደ መኪናው ሲመለሱ እኔ ዘግይቼ ተጠራሁ።

ሁለተኛው ማቆሚያ ከባሕሩ በታች፣ 180 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። እዚህ ቦዩ ውስጥ ያለው ነገር ዓይን ይይዛል። ብርቱካናማ፣ ለስላሳ፣ እንደ አብሽ የሚልገመገም ዝቃጭ ቦዩን ሞልቶታል። በጣቴ ነካሁት፤ ተበታትኖ ደመና ሆነ። ጋሊዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ሥራ ነው። ውሃው ከአለቱ ሲወጣ ኦክስጅን የለውም፣ ውስጡ ያለው ብረት ሟሙቶ የማይታይ ነው። የዋሻውን አየር ሲያገኝ ብረቱ ይዝጋል። ባክቴሪያው በዚያ መሃል ገብቶ ኑሮውን ይመሠርታል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የተጠማዘዘ ጥብጣብ የመሰለ ግንድ ይሠራል። የጎተንበርጉ የረቂቅ ሕዋሳት ተመራማሪ ካርስተን ፔደርሰን ለዓመታት ያጠኑት እንዲህ ያለውን ሕይወት ነው።

ባሕሩ በዋሻው ጣራ ላይ ቢሆንም እዚህ የሚወጣው ውሃ የባሕር ውሃ ብቻ አይደለም። የባሕሩን ወለል ጭቃ አልፎ ስለሚመጣ ሰልፌቱ ቀንሷል፣ ቢካርቦኔቱ ጨምሯል። እዚያ ጭቃ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ስለሌላቸው በሰልፌት ይተነፍሳሉ። ስንጥቁ ውስጥ ደግሞ ሌላ ልውውጥ አለ፤ የባሕሩ ሶዲየምና ማግኒዚየም በሸክላው ማዕድን ላይ ይቀመጣል፣ በምትኩ ካልሲየም ይወጣል። ስለዚህ ባሕሩን በጣዕሙ ትለየዋለህ እንጂ በቁጥሩ ቶሎ አትለየውም።

አስጎብኟ አንድ መክፈቻ አላላች። ውሃው ጥቃቅን አረፋ ይዞ ተንፎለፎለ። አረፋው በአብዛኛው ናይትሮጅን ነው፤ ግፊቱ ሲቀንስ ከውሃው የሚለይ። ጠርሙሴን ሞላችልኝ። ብርሃን ላይ አድርጌ አየሁት። ጥርት ያለ ነው። "ትክክለኛ ናሙና እንዲህ አይወሰድም" አለችኝ። "እኛ አየር ሳይነካው በቱቦ ውስጥ እያለ ነው የምንለካው። የአንቺ ግን ከአሁን ጀምሮ እየተለወጠ ነው።"

ወደ ታች ወረድን። የመጨረሻዎቹ መቶዎች ሜትር የተቆፈሩት በፈንጂ ሳይሆን 5 ሜትር ስፋት ባለው የቁፋሮ ማሽን ነው። ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል። ፈንጂው ያለፈበት ግድግዳ ሸካራ፣ የተሰባበረ ነው፤ ማሽኑ ያለፈበት እንደ ተሞረደ ለስላሳ። የተሰባበረው ጠርዝ ለውሃ አዲስ መንገድ ይሆናል፣ ፈንጂው ደግሞ የናይትሮጅን ውህዶች ትቶ ይሄዳል። ውሃ የሚያስገባ ስንጥቅ በሲሚንቶ ሲደፈን ሲሚንቶው የነካው ውሃ ፒኤች ከ12 በላይ ሊደርስ ይችላል። አስቡት፤ አሥር ሺህ ዓመት ተኝቶ የነበረ ውሃ በአንድ ወር ውስጥ አየር፣ ፈንጂና ሲሚንቶ ሲያገኘው።

ለዚህ ነው የጥንቃቄያቸው ነገር የማረከኝ። ጉድጓድ ሲቆፍሩ ለማቀዝቀዣ የሚያስገቡትን ውሃ ዩራኒን በሚባል አረንጓዴ ቀለም ምልክት ያደርጉበታል። በኋላ ናሙናው ላይ ቀለሙ ከታየ፣ ምን ያህሉ የአለቱ ውሃ፣ ምን ያህሉ እነሱ ያስገቡት እንደሆነ ያውቃሉ። እኛ ዘንድ የቁፋሮ ውሃ ከናሙና ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣ መጠርጠር እንጂ መለየት አልችልም። ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዤ ብመለስም ጉዞው ይበቃኝ ነበር።

450 ሜትር ላይ ቆመን አስጎብኟ የአራት ውሃዎችን ታሪክ ነገረችን። የዛሬው ዝናብ አንደኛው ነው። ሁለተኛው የሊቶሪና ባሕር ውሃ ነው፤ ከሺዎች ዓመታት በፊት ባልቲክ ከዛሬው የበለጠ ጨዋማ የነበረበት ዘመን፣ ስሙን ከቀንድ አውጣ ያገኘ። ሦስተኛው የበረዶ ዘመን ቅላጭ ነው፤ ቀለል ያለው የኦክስጅን ዓይነት (አይዞቶፕ) ስለሚበዛበት ይታወቃል። አራተኛው ከሁሉም በታች ያለው ጨው ነው። አጠገቡ ባለው ላክሰማር ጫካ እስከ 1.7 ኪሎ ሜትር በወረደ ጉድጓድ ውስጥ በሊትር 47 ግራም ክሎራይድ ተገኝቷል፤ ውቅያኖስ ውስጥ ያለው 19 ግራም ገደማ ነው። ይህ ውሃ ከሚሊዮን ዓመት በላይ እዚያ እንደቆየ ይገመታል። ዋሻው አራቱንም ወደ ራሱ ጠርቶ ቀላቅሏቸዋል።

በአሳንሰር ወጣን። ላይ ፀሐይ ነበር። ሰዎቹ ቀረፋ ያለው ዳቦና ቡና አቀረቡልን። ቡናቸው ቀጭን ነው፣ ብዛቱ ግን ያለገደብ።

ዓርብ፣ መስከረም 13፦ ኦስካርስሃምን

ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ ያየሁት መስኮቱ ላይ ያስቀመጥኳትን ጠርሙስ ነው። ቢጫ ሆናለች። ክዳኗን ጥብቅ አድርጌ ነበር የዘጋኋት። ስትሞላ የገባው ትንሽ አየር በቅቷታል። ሳነቃንቃት ቡናማ ብናኝ እንደ ጭስ ተነሣ። ሰውየውን ጠርቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆዩ። ከዚያ የራሳቸውን የሽንት ቤት የውሃ ማጠራቀሚያ ከፍተው ጎኑ ላይ ያለውን ያንኑ ቀለም አሳዩኝ።

ቀኑን ኦስካርስሃምን ወደብ ላይ ባለው የነዳጅ መያዣ ቤተ ሙከራ አሳለፍኩ። 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ቱቦ ነክቻለሁ። ያገለገለው ነዳጅ በዚህ ውስጥ ታሽጎ፣ በቤንቶናይት ሸክላ ተከቦ፣ ግራናይት ውስጥ 500 ሜትር ገደማ ላይ እንዲቀመጥ ነው የታቀደው። መቶ ሺህ ዓመት ይቆይ ዘንድ ይጠበቃል። መዳቡ ኦክስጅን ካገኘ ይበላል፣ ሰልፋይድ ካገኘም ይበላል። ሸክላው ደግሞ ውሃው ከመጠን በላይ ጨዋማ ከሆነ በደንብ አያብጥም፤ ከመጠን በላይ ንጹሕ ከሆነ ሊሸረሸር ይችላል። የትናንቱ ክሎራይድና ሰልፌት ሁሉ ለምን እንደሚለካ እዚህ ለእጅ ይታወቃል።

ምሳ በቀኑ ምናሌ 95 ክሮና ነበር፤ ሰላጣ፣ ዳቦና ቡና ተጨምሮ። ጾም ስለሆነ ሰላጣና ድንች ብቻ ወሰድኩ፣ ዋጋው ግን ያው ነበር። ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ዳር ሄጄ ውሃውን ቀመስኩ። ባልቲክ እዚያ አካባቢ በሊትር 6 እና 7 ግራም መካከል ጨው ነው ያለው፤ የውቅያኖስ አምስተኛ ያህል። ከሰውየው ቧንቧ በጣም ይጨምራል፣ ግን ፊት አያስጨማድድም።

ማታ ሰውየው ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። ጉድጓድ ሲቆፈር አንድ ጊዜ ለክተን ቁጥሩን እንደምናስቀምጥ፣ ከዓመታት በኋላም ያንኑ ቁጥር እንደምንጠቅስ ነገርኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። "የእኔ ጉድጓድ በግንቦትና በነሐሴ አንድ አይደለም" አሉ። እኔም እንዲሁ ቆየሁ። የፈረምኩባቸው ወረቀቶች ባይኔ መጡ። ያ ቁጥር የጉድጓዱ ሳይሆን የዚያ ቀን ነው። ፓምፑ ዓመት ሙሉ ሲስብ ከጎንና ከሥር ምን ውሃ እንደሚመጣ ወረቀቱ አይናገርም። ለዚያ መንደር ሰዎች የነገርኳቸው ግን ጉድጓዳችሁ ደህና ነው ብዬ ነው።

ቅዳሜ፣ መስከረም 14፦ ተመልሼ ስቶክሆልም

ሴትየዋ ለመንገድ ዳቦና የጫካ ፍሬ ማርማላታ ቋጠሩልኝ። ሰውየው እስከ በርያ አደረሱኝ። ባቡሩ በሰዓቱ መጣ።

የአክስቴ ልጅ ለደመራ አገር ቤት እንድደርስ በማግስቱ በረራዬን አመቻችታለች፤ ማታ ግን ሰዓት ነበረኝ። ሻንጣዬን ሪንከቢ ጥዬ በዚያው ሰማያዊ መስመር ኩንግስትሬድጎርደን ተመለስኩ። ያው ግድግዳ፣ ያው ጠብታ። ኢሲ ሜትሬን አወጣሁ። ከጠብታው ሥር የፕላስቲክ ኩባያ ይዤ ቆምኩ። ለመሙላት ሃያ ደቂቃ ገደማ ፈጀ። አንዲት ልጅ እናቷን ይዛ ቆመች፣ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። ኩባያውን አሳየኋት።

ማስታወሻዬን ከፍቼ ቁጥሩን ጻፍኩ። ከጎኑ ቀኑን። ከቀኑ ቀጥሎ፣ ከዚህ በፊት ጽፌ የማላውቀውን አንድ መስመር ጨመርኩ፦ "ከተከፈተ 39 ዓመት።"